መዶሻ የሌለው አለቃ

የኖራውን ጋሪ ቁልቁል እየነዳሁ ወደ ወንዙ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት የቆሙ ሰዎችን ነው። ገመድ ሳቢዎቹ ገመዳቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ድንጋይ ጠራቢዎቹም መሯቸውን መሬት ላይ ጥለው ደመናውን ያያሉ። ጋሪዬን የሚጎትቱት በሬዎች ከሁሉም ይሻሉ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አለቃቸው ነው፤ አለቃቸው ደግሞ የእኔ ታናሽ ወንድም ነው።

የቆዳ ሽርጡን ታጥቆ፣ ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው የጠረበውን ድንጋይ እንደገና ይጠርባል።

“ደግሞ ምን ሆነ?” አልኩት ከጋሪው ሳልወርድ።

“ልክ አይደለም” አለኝ ቀና ሳይል። “አንድ ጠርዙ ከፍ ብሏል።”

“ምን ያህል?”

“ጥፍር ታህል።”

ጥፍር ታህል። በስተላይ በኩል ተራራው በደመና ተሸፍኖ አናቱ አይታይም፤ ወንዙ ቀለሙ ተለውጧል፤ የድልድዩ ቅስት ከሁለቱም ዳር መጥቶ መሃሉ ገና ክፍት ነው፤ የእኔ ወንድም ጥፍር ይለካል። ከማለዳ ጀምሮ ያቦካሁት ኖራ ሁለት ጊዜ ደርቆ ተደፍቷል። ኖራ አለቃ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ይህንን ስንቴ ነገርኩት፤ ለግድግዳ ብነግር ኖሮ እስካሁን ይሰማኝ ነበር።

ድልድዩ የአጎታችን ሥራ ነው። እኛን እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ወደ ቤቱ ያስገባን እሱ ነው፤ እኔ ታላቅ እህቱ ወንድሜን በእጄ እያበላሁ አሳደግሁት፣ አጎቴ ደግሞ ሁለታችንንም ሙያ አስተማረን። ለእኔ ኖራ ማቃጠልና ማቡካት፣ ለእሱ ድንጋይ። ሠራተኞቹ አጎቴን “ትልቁ አለቃ” ይሉታል። በበጋው መግቢያ ትልቁ አለቃ ከመወጣጫው ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ከወንዙ በላይ ባለችው ቤት አልጋ ላይ ዋለ። የገዢው ሰዎች መጥተው “በእርስዎ ቦታ ማን ይተካ?” ሲሉት ሳያቅማማ “ያ ልጅ” አለ። ማንም አልተቃወመም። ወንድሜን እጀ ወርቅ ነበር የሚሉት፤ እሱ የጠረበው ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲገጥም በመሃሉ ቢላ አይገባም።

ችግሩ የተጀመረው እዚያው ላይ ነው። አጎቴ የአለቃነቱን በትር ሰጠው፤ ጫፍና ጫፉ በናስ የተለበጠ፣ የሚለካበትም የሚታዘዝበትም በትር ነው። ወንድሜ ተቀብሎ የመሣሪያ ቤቱ ጥግ አቆመው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው እርጥብ ሸሚዝ አሰጣበት፤ ሸሚዙም እዚያው አለ።

መዶሻውን ግን ከእጁ አላወረደም። ሰው የጠረበውን እንደገና ይጠርባል፣ ሰው የገነባውን አፍርሶ ይገነባል፣ ሰው የቋጠረውን ገመድ ፈትቶ ይቋጥራል። ጠራቢዎቹ ሁሉ በሚጠርቡት ድንጋይ ውስጠኛ ገጽ ላይ የየራሳቸውን ምልክት ያደርጋሉ። አንዱ መስቀለኛ ጭረት፣ አንዱ ማጭድ፣ ጉምጉም የምንለው ሽማግሌ ደግሞ የወፍ እግር። ወንድሜ ድንጋዩን ሲያስተካክል ምልክቱም አብሮ ይፋቃል። እሱ ግን ምልክት መፋቁን እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም፤ ያበሸቀኝም ይኸው ነው። ሆን ብሎ ቢያደርገው እጣላው ነበር።

ከጋሪው ወርጄ ጉምጉም ዘንድ ሄድኩ። ከፊቱ ያለው ድንጋይ ገና ግማሹ አልተጠረበም።

“ምነው ተዉት?” አልኩት።

“ለምን ልድከም፣ ልጄ?” አለ፤ ቀጥሎ ያጉተመተመውን አልሰማሁትም፤ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ። “እሱ ይጨርሰዋል። እኔ ብጨርሰውም እሱ ይጨርሰዋል።”

ከበስተጀርባዬ ገመድ ሳቢዎቹ ሥራ ፈትተው አለቃቸውን ይጫወቱበታል።

“አለቃ፣ ገመዱን ላላ ላድርገው?”

“ቆይ፣ እኔ አየዋለሁ።”

“አለቃ፣ ውሃ ልጠጣ?”

“ጠጣ።”

“አለቃ፣ አፍንጫዬን ልጥረግ?”

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ወንድሜ ግን “ቆይ” ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ነው የነቃው። ጆሮው ቀላ። መዶሻውንም የባሰ አጥብቆ ያዘ።

የመቶ አለቃው የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ፈረሱ እስከ ሆዱ ጭቃ ነው፤ ጎራዴው ሰገባው ውስጥ ይንኳኳል። ዙሪያውን ተመለከተና ሥራ ላይ ያለውን ብቸኛ ሰው አገኘ።

“አንተ” አለው፤ “ሮጥ በልና አለቃህን ጥራልኝ።”

ወንድሜ ተንበርክኮ እንዳለ ቀና አለ። “እኔ ነኝ።”

የመቶ አለቃው የቆዳ ሽርጡን፣ በአቧራ የነጣውን ፀጉሩን፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ሱሪ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

“ይቅርታ፣ እርስዎ ነዎት?” አለ፤ ግን ይቅርታው የምር አልነበረም። “ላይኛው መሻገሪያ ትናንት በጎርፍ ተዘግቷል። ውሃው ነገ ማታ እዚህ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ቅስቱ ካልተዘጋ፣ ገዢው ሥራውን ለወደቡ ግንበኞች ይሰጣሉ። እንዲህ ብለህ ንገር ተብያለሁ።”

ለወደቡ ሰዎች የሚሰጥ ነገር መትረፉንም እንጃ። ቅስቱን ከሥር የተሸከመው የእንጨት ድጋፍ ወንዙ ውስጥ ነው የቆመው። ጎርፉ ከመጣ እንጨቱን ከአንድ ወገን ይዞት ይሄዳል፣ ያልተዘጋው ቅስትም ተከትሎት ይወድቃል። የአጎቴ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ አይሠራም። እኛም ከድልድዩ ጋር ተሰጥታን የምንኖርባትን ቤት ለቀን እንወጣለን። ይህን ሁሉ ወንድሜ ያውቃል። አውቆም ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

ድንጋይ ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። “ወንድሞቼ” አለ፤ “ጊዜው አጭር ነው፣ እንበርታ፣ አንድ እንሁን” አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። ንግግሩን ሲጨርስ ከድንጋዩ ወርዶ ከመጀመሪያው ገመድ ሳቢ እጅ ገመዱን ነጠቀና ራሱ መሳብ ጀመረ። አካፋዬን ልወረውርበት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጎቴ ዘንድ ወጣሁ። መስኮቱ ወደ ወንዙ ነው የሚያየው፤ እሱ ግን አልጋው ላይ ሆኖ የሚታየው ደመናውና ድንጋይ የሚያወጣው መዘውር አናት ብቻ ነው።

“ትራሱን አስተካክዪልኝ” አለኝ ገና ሳልቀመጥ። “እንዲህ አይደለም። እንዲያም አይደለም። ተይው። ስንት ድንጋይ ቀረ?”

“ጥቂት ነው። ሠራተኛው ቢሠራ ነገ ያልቃል።”

“አይሠራም?”

“እሱ መች ያሠራቸዋል።”

“አሁን ቅስቱ ላይ ያለው ድንጋይ የማን የማን ምልክት አለበት?”

“ከዳርና ዳር ካሉት በስተቀር የማንም የለበትም። ወንድሜ ፍቆታል።”

አጎቴ በክርኑ ሊነሳ ሞክሮ ዳሌው ያዘው፣ ተሳደበ፣ ተመልሶ ተኛ። “ታዲያ እንጨቱ ሲወጣ ከሥሩ ማን ሊቆም ነው?”

ይህን እኔም አስቤው አልነበረም። በዚህ ሙያ ደንብ ነው፤ ድጋፉ የሚነቀል ቀን ምልክታቸው በቅስቱ ውስጥ ያለ ሰዎች ሁሉ ከሥሩ ይቆማሉ። ከቆመ ቆመ፣ ከወደቀም በእነሱ ላይ ይወድቃል። ሰው ከሥሩ እንደሚቆም እያወቀ ድንጋዩን አያበላሽም። አጎቴ በየወንዙ የሠራው ድልድይ ሁሉ ሚስጥሩ ይህ ብቻ ነበር።

“ውረድና ንገረዋ” አልኩት። “ሰዎች ተሸክመው ያወርዱሃል።”

“አልወርድም።”

“ለምን?”

“ጠርታችሁኝ አንድ ቀን ከወረድኩ እስክሞት ድረስ በአልጋ ስታመላልሱኝ ትኖራላችሁ። ያ ልጅም እስከዚያው አለቃ አይሆንም። መዶሻውን ቀሚው።”

“በምን አቅሜ? እጁን ካልቆረጥኩት አይለቅም።”

“አንቺ ነሽ ያሳደግሽው” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። “በሩን ዘግተሽ ውጪ።”

በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ አጎቴ ባሰበው አዘጋግ ግን አይደለም። ሁለቱም አንጀቴን አቃጠሉት። አንዱ ሁሉን ነገር ካልነካሁ ይላል፣ ሌላው ምንም ነገር አልነካም ይላል፣ በመሃል የምትሮጠው እኔ ነኝ።

ንጋት ላይ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። አዲስ የተቃጠለ ኖራ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሬ ውሃ ለቀቅሁበት፤ መፍላት ጀመረ፣ እንፋሎቱ ዳሩን ሁሉ ሸፈነው። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ መጡ። ወንድሜ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አልተኛም። ቀጥ ብሎ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ ከፈተና መዶሻውን አጣው።

መዶሻው እኔ እጅ ነበር።

“አምጪ” አለኝ።

ወረወርኩት፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ጉድጓዱ። ነጩ ነገር ቡልቅ አለና ዋጠው።

ወንድሜ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ጉድጓዱን አየ። “አብደሻል?”

“አዎ” አልኩት። “አንተ ነህ ያሳበድከኝ።”

ዞር ብሎ አጠገቡ ወደ ነበረው ጉምጉም እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው የራሱን መዶሻ ቀስ አድርጎ ከጀርባው ደበቀ። ወንድሜ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ፤ ያኛውም ደበቀ። ሦስተኛው መዶሻው ላይ ተቀመጠበት። ከዳር እስከ ዳር ጠራቢው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ፤ አንድ ሰውም አልሳቀ። የወንድሜ የተዘረጋ እጅ ባዶውን ቀረ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አንጀቴን በላው፤ ልጅ ሳለ ዳቦ ለምኖኝ ያጣ ቀን እንዲህ ነበር እጁን የሚዘረጋው።

መሣሪያ ቤት ገብቼ በትሩን አመጣሁና ያዘው አልኩት። ሸሚዙ ገና እላዩ ላይ ነበር። አወረደው፣ አጣጥፎ ለባለቤቱ ሰጠው፣ ከዚያ በትሩን ይዞ ቆመ። የሚይዝበትን ቦታ እንኳ አላወቀም።

“ታዲያ ምን ላድርግ?” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እኔን አትጠይቀኝ። እኔ ኖራ ነው የማቦካው። እነሱ አሉልህ።”

ወንዙ ከትናንቱ ጨምሮ ድምፁ ይሰማል። በመጨረሻ ወደ ሰዎቹ ዞሮ “ዛሬ እንዴት እንዝጋው?” አለ።

አለቃ ሲጠይቃቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። ግማሹ የተናገረው የማይረባ ነበር፤ አንዱማ ወንዙን እንገድበው አለ። ወንድሜ ግን ሁሉንም ሰማ። ሲበቃው በትሩን አነሳና አቋረጣቸው። “ከሁለቱም ወገን እኩል እንሄዳለን። ግራው የጉምጉም ነው፤ ቀኙ የባለ ማጭዱ። መዘውሩ የገመድ ሳቢዎቹ ነው፤ ስለ ገመድ ማንም እኔን እንዳይጠይቀኝ።”

ከኋላ “አፍንጫችንንስ?” አለ አንዱ።

“በራስህ ጊዜ ጥረገው” አለ ወንድሜ፤ አሁን ሁሉም በግልጽ ሳቀ።

ጉምጉም ግን አልሳቀም። የተፋቀውን ድንጋይ በእግሩ ነካ አድርጎ አንድ ነገር አጉተመተመ። ወንድሜ ምን እንዳለ ሳይሰማ አልቀረም፤ ወደ እሱ ሄደና ባርኔጣውን አወለቀ።

“አባባ፣ ምልክትዎን የፋቅሁት እኔ ነኝ። አላስተዋልኩም። በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። መልሰው ያድርጉበት።”

“በዚህኛው ላይ አላደርግም” አለ ሽማግሌው። “ይሄ ያንተ ድንጋይ ነው። ያልተነካ አምጡልኝ።”

አመጡለት። ያን ቀን ኖራዬ አንድ ጊዜም አልደረቀም። አቡክቼ ሳልጨርስ ባልዲ ይዘው ይመጣሉ፤ “ቶሎ በያ” እያሉ እኔን የሚቆጡኝም ተገኙ። በመሃላቸው ወንድሜ በትሩን ይዞ ሲንጎራደድ ማየት ያሳዝናል። ሰው መሮ ሲያሳርፍ የእሱ ትከሻ አብሮ ይነቃነቃል። አንዴ እጁን ብብቱ ሥር ወሸቀው፤ ሲብስበት ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ ወንዙን ያያል።

ሁሉንም ዝም ብሎ አሳለፈ እንዳትሉ። ባለ ማጭዱ ያቀረበው ድንጋይ ሆዱ ላይ ስንጥቅ ነበረው። ወንድሜ በበትሩ ጫፍ አሳየው። “ይህ አይወጣም፤ ሌላ ጥረብ።” ሰውዬው ጊዜ የለም ብሎ ተከራከረ፣ ተነጫነጨ። ወንድሜም “ሌላ ጥረብ” ብሎ አጠገቡ ቆመ፤ መሮውን ግን አልነካበትም። ሰውዬውም ጠረበ።

የጉምጉም ድንጋይ ወጥቶ ሲቀመጥ አንድ ማዕዘኑ ወጣ ብሎ ቀረ። የእኔ ዓይን እንኳ አየው። ወንድሜ መወጣጫው ላይ ወጥቶ አጎነበሰ፣ በበትሩ ለካ፣ አንዴ አፉን ከፍቶ ዘጋ።

“ይሸከማል?” አለው ሽማግሌውን።

“ይሸከማል።”

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ “ኖራ አምጪ” አለኝ።

ቁልፉ ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ገባ፤ የመሃሉን ቀዳዳ ዘግቶ ቅስቱን አንድ የሚያደርገው እሱ ነው። ውሃው ያን ጊዜ የድጋፉን እግሮች እያንገጫገጨ ነበር። በደህናው ጊዜ ቢሆን ኖራው እስኪጠና ሳምንታት እንጠብቃለን፤ ያን ቀን ግን እንጨቱን እኛ ካልነቀልነው ጎርፉ ነቅሎ ቅስቱን ይመታዋል። ገመድ ሳቢዎቹ ድጋፉን የያዙትን ሽብልቆች በገመድ አሰሩና ዳር ላይ ተሰለፉ። የመቶ አለቃውም ፈረሱን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ።

ወንድሜ ማንንም አላዘዘም። በትሩን ይዞ በዳሩ መሠረት ላይ ወረደና ከቅስቱ ሥር ብቻውን ቆመ። ቀና ብሎ አየ። “ምልክት የሌለባቸው ሁሉ የእኔ ናቸው” አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፈራሁ። ድንጋዩ እንዳይወድቅበት ፈራሁ፣ ግን ከዚያ ይልቅ ብቻውን እንዳይቀር ፈራሁ። ከዚያ ጉምጉም ጉልበቱን እየረገመ፣ እርጥበቱን እየረገመ፣ የዛሬ ልጆችን እየረገመ ወረደና አጠገቡ ቆመ። ባለ ማጭዱ ተከተለ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ምልክት ያላቸውም የተፋቀባቸውም። ኖራ ምልክት የለውም፤ በሁሉም መሃል ስላለ ግን እኔም ወረድኩ።

“ሳቡ” አለ ወንድሜ፤ ወዲያው ደግሞ “ሲመቻችሁ” ብሎ ጨመረ።

ሽብልቆቹ ተነቀሉ። ከላያችን አንድ ነገር አቃሰተ፣ ቅስቱ ዝቅ አለ፣ የኖራ ዱቄት በራሳችን ላይ ረገፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ድጋፉ ወደ ውሃው ወድቆ እየሄደ ነበር፤ እኛ ነጭ በነጭ ሆነን ቆመናል፣ ከላያችንም ድንጋዩ አለ። ጉምጉም ሲያስነጥስ ብቻ ነው ሰው የተነፈሰው።

ከዳሩ ስንወጣ አጎቴን ከነአልጋው አገኘነው። የመቶ አለቃው ወታደሮች ተሸክመውት ነው የመጡት፤ እሱም አሸካከማችሁ አያምርም እያለ ይቆጣቸዋል።

“አልወርድም ብለህ አልነበር?” አልኩት። “ማን ጠራህ?”

“ማንም። ለዚህ ነው የመጣሁት።”

ቅስቱን ከግራ ወደ ቀኝ አየው። እንዳሰብኩት ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። “ያ ድንጋይ ጠሟል” አለ።

“አውቃለሁ” አለ ወንድሜ።

“አይተህ ዝም አልክ?”

“የአባባ ነው። ይሸከማል ብለዋል፤ ለክቼዋለሁ፣ ይሸከማል።”

አጎቴ ወንድሜን ለረጅም ጊዜ አየው። የበትሩን አያያዝም አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሁሌም በሚነጫነጭበት ድምፁ “መዶሻውን መልሺለት” አለኝ።

“ኖራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እጀታውን በልቶታል።”

“ብረቱን አይበላውም። አውጪውና አዲስ እጀታ ይግባለት።”

ወንድሜ እጀታውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ እንጨቱን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቀርጾ፣ በመዳፉ ልክ ሲያለሰልስ ቀናት ይፈጅ ነበር። አሁንም አፉን ሲከፍት “ራሴ እሠራዋለሁ” ሊል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ጉምጉም ዞረ።

“አባባ፣ እርስዎ ይሥሩልኝ።”

“በምን ልክ?” አለ ሽማግሌው።

ወንድሜ መዳፉን ገለጥ አደረገና መልሶ ጨበጠው። “እርስዎ በመሰለዎት” አለ።